ሁለተኛው ማኅተም

ናካ፣ በ11ኛው ወር በ17ኛው ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለኤይሱኬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እናንተ ጋ፣ ሂሮሳኪ፣ በረዶ መጣል ጀመረ ሲሉ በቴሌቪዥን ሰምቼ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ጉልበትህ ነው። ወንድምህ ከፖሙ ካርቶን ጋር በላካት ብጣሽ ወረቀት ላይ "መሰላል ላይ ወጥቶ ይለቅማል" ይላል። በስድሳ ሁለት ዓመትህ መሰላል ምን ይሠራልሃል? ከታች ከታች ያለውን ልቀም፤ የላይኛውን ለወንድምህ ልጆች ተውላቸው። መቼም የነገርኩህን ሰምተህ አታውቅም፤ ካልነገርኩህ ግን እኔን ያመኛል።

ስለ ፖሙ ወንድምህን አመስግንልኝ። የካርቶኑ አድራሻ በእሱ እጅ ነው የተጻፈው። ፖሞቹ የተጠቀለሉበት ጋዜጣ ግን ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፏል፤ እንደዚያ የሚያጥፍ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬህ ኖሬ የወረቀት አስተጣጠፍህን ካላወቅሁማ ምኑን ሚስት ሆንኩ። ጋዜጦቹን አልጣልኳቸውም።

እኛ ጋ ብርዱ ገና ነው፤ ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ብቻ ፊት ይልጣል። ለጎረቤታችን ለእማማ ናሜካታ ይህ ነፋስ ሠርግና ምላሽ ነው። ስኳር ድንቹን ቀቅላ፣ በቀጫጭኑ ቆርጣ፣ ግቢዋን በሙሉ አስጥታዋለች። ትናንት በአጥሩ ላይ አንድ ሰሃን አቀበለችኝና፣ "ጠንካራ ጠንካራውን የመረጥኩት ለባልሽ ነው፤ ለስላሳው አይሆንለትም። ሳሉ እንዴት ሆነለት?" አለችኝ።

"ተሽሎታል" አልኳት።

ሳል እንደሌለህ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት "ምነው ጠፋ?" ብትለኝ ከአፌ አምልጦኝ የወጣው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ጥርስህን ታመህ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ዕቃ ልትገዛ ሚቶ ሄደህ ነበር፤ ሚቶ ከተማ ውስጥ አንተ ያልገዛኸው ዕቃ የቀረ አይመስለኝም። ከሄድክ አንድ ዓመት ከሰባት ወርህ ነው፤ እዚህ ሰፈር ግን መሄድህን የሚያውቅ ሰው የለም። ጫማህ በር ላይ ነው። በሳምንት አንዴ አቧራውን ጠርጌ ቦታውን ትንሽ አዛውረዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ወር የሠራነው አልማዝ ተሰነጠቀ። የሠራነው አልኩ እንዴ? የሠራሁት።

አልማዙን ከድርጅቱ የሚያመጣልን ኤቢሃራ ባለፈው ማክሰኞ መጣ። ኤቢሃራ እንደምታውቀው መኪናውን ሲያቆም እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ፊቱ ጠቁሮ፣ ሰላምታውም አጥሮ ነበር። አብራው ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከች አንዲት ሴት አለች። ደብተር ይዛለች፤ ሁሉን ትጽፋለች፤ ስለ ሥራችን ግን የምታውቀው ነገር የለም።

"አልማዝ ማለት የቀለበቱ ዓይነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ኤቢሃራ አንገቱን ደፋ።

"የቀለበቱ ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል። ይሄኛው ምድጃ ውስጥ ከጋዝ ነው የሚያድገው፤ ሰው ሠራሽ ነው" አልኳት። "መዳፍ ብታህል ነው፣ ውፍረቷም ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም፤ ለማደግ ግን ሳምንታት ይፈጅባታል።"

"ለምን ትጠቅማለች?"

"መስኮት ናት። ከወዲህ በኩል ማይክሮዌቭ የሚያመነጭ ትልቅ ቱቦ አለ። ወጥ ቤትዎ ምግብ የሚያሞቁበት አለ አይደል? የእሱን ዓይነት አንድ ሺህ ቢደመር የሚሰጠው ኃይል በዚህች ውስጥ ያልፋል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ፀሐይ የምትነድበትን ዓይነት እሳት መሬት ላይ ለማንደድ የሚደክሙ ሰዎች አሉ፤ ሞገዱ የሚሄደው የእነሱን እሳት ሊያግል ነው። ተራ መስታወት ቢሆን አይችለውም። አልማዝ ግን ሙቀቱን ቶሎ ወደ ጠርዙ ያሸሸዋል። እኛ ጠርዙ ላይ የመዳብ ቀለበት እንበይዳለን፤ በዚያ ዙሪያ ውሃ እየሄደ ያቀዘቅዘዋል።"

"እኛ ሲሉ?"

"እኔና ባለቤቴ" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ባንተ ቃል ነው። ለእማማ ናሜካታ ስታስረዳት ስንት ጊዜ ሰምቼሃለሁ። እሷ "ታዲያ ከስባሪው ለሚስትህ ቀለበት አታሠራላትም?" ስትልህ፣ አንተ "ጓንቷን የምታወልቀው ስትተኛ ብቻ ነው፤ የት ላይ ታደርገዋለች?" ትላት ነበር። ያኔ እበሽቅ ነበር። አሁን ሴትዮዋ ፊት ትዝ ብሎኝ ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው።

አልማዙ የተሰነጠቀው ድርጅቱ ዘንድ በግፊት ሲፈተን ነው። በአንዱ ወገን አየሩን መጥጠው አውጥተው በሌላው ወገን ሲጫኑበት፣ ከመካከሉ ተነሥቶ እስከ ጠርዙ ሄደ። ጥፋቱን የጣሉት አለስላሹ ኦኑኪ ላይ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ፊቱን ሲያለሰልስ የከረመው እሱ ስለሆነ፣ ጭረት ትቶበታል ይላሉ። ሁለት ሰው ማየቱን የሚያረጋግጠው የእኛ ቅጽ ግን ንጹሕ ነው፤ በፊርማ ፈንታ ሁለት ማኅተም፣ የእኔና ያንተ፣ አለበት። ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ አለ። ኦኑኪም፣ ቅጹ ላይ ማኅተም ያደረግነው ሁለታችንም እንድንቀርብ ተብሏል። ኤቢሃራ ሲወጣ "ባለቤትዎም የግድ ይምጡ፤ አደራ" አለኝ። የተሰነጠቀውንም፣ ብየዳው ለቅቆ እንደሆነ እንዳየው ብሎ ትቶልኝ ሄደ።

ዓርብ ዕለት ኦኑኪ ራሱ መጣ። ኮቱ ሰፍቶታል። ወይም እሱ ከስቷል። ሻይ አቀረብኩለት፤ ሁለት እጁን ብርጭቆው ላይ አደረገ።

"ሚዋኮ፣ ስታስቀምጡት ጭረት አይታችሁበት ነበር?" አለኝ።

"እኔ ምንም አላየሁም።"

"አንቺስ ይሁን። ኤይሱኬስ?"

"እሱም አላየም።"

"እንግዲያው ጭረት አልነበረውም ማለት ነው" አለ፤ ትከሻው ላይ የነበረው ነገር ወርዶለት ሳየው ክው አልኩ። "የኤይሱኬ ዓይን አይስትም። ሐሙስ ይህንኑ ይናገርልኛል አይደል? የት ሄዶ ነው?"

"ሚቶ።"

"እጠብቀዋለሁ።"

ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ጠበቀህ፤ ኤይሱኬ። እኔም አብሬው ጠበቅሁህ። በመስኮቱ መንገዱን እያየሁ፣ "አሁን ሳይደርስ አይቀርም" እያልኩ። በመሀሉ እውነት የምትመጣ መስሎኝ ነበር፤ አትሳቅብኝ። ኦኑኪ ሊሄድ ሲነሣ በር ላይ ቆሞ ጫማህን ተመለከተ። "አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ዕቃ ተመልሶብኝ አያውቅም። ሰሞኑን ማሽኑ ጋ ስቀመጥ እጄን አላምነውም" ብሎኝ ሄደ።

እሱ እንደወጣ የመዳቡን ቀለበት በመጋዝ ቆረጥኩት።

ለምን እንደቆረጥኩት አንተ ወዲያው ይገባሃል። አልማዙ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው መጀመሪያ ማደግ የጀመረበት፣ ሥሩ፤ እሱ ቢለጠጥ ይችላል። ሌላኛው አይችልም። ግፊት ሲያርፍበት የሚለጠጠው አየር የሌለበት ወገን ነው፤ ስለዚህ ሥሩ ወደዚያ መዞር አለበት። ከለሰለሰ በኋላ ሁለቱ ፊት በዓይን ስለማይለይ፣ ኦኑኪ ጠርዙ ላይ በሥሩ በኩል ፀጉር የምታህል ምልክት ያደርግልናል። መዳቡ ከተበየደበት በኋላ ግን ምልክቷ ትሸፈናለች፤ ቆርጦ ካላዩ በቀር ማንም አያገኛትም። ቆርጬ አየኋት። በተቃራኒው ወገን ነበረች። ገልብጬ ነው የበየድኩት።

ኦኑኪ አልጫረውም። እጁ እንደ ድሮው ነው።

እንዴት አድርጌ እንደገለበጥኩት ልንገርህ። ይህን ለማንም ብናገር አይገባውም፤ ላንተ ግን ይገባሃል። አልማዙን ለብየዳ ምድጃ ከማስገባታችን በፊት እንዴት እንደምናደርግ ታውቃለህ። አንዱ በጣቱ ጠቁሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ሌላው አይቶ፣ እሱም በጣቱ ጠቁሞ ይመልሳል። እኔ "ምልክቱ ወደ ታች?" እላለሁ። አንተ ጎንበስ ትላለህ፣ መነጽርህን ግንባርህ ላይ ትሰቅላለህ፣ ያናድደኝ በነበረው ዝግታህ ታያለህ፣ ከዚያ "ወደ ታች፤ ልክ ነው" ትላለህ።

ከሄድክ በኋላም መጣራቱን አልተውኩም። ብተወው ቤቱ ጭር ይልብኛል። እኔው እጠራለሁ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ዞሬ ባንተ ቦታ ቆሜ ድምፄን አወፍርና እኔው እመልሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አፍር ነበር። በኋላ ግን ለመድኩት፤ አንዳንዴም ደስ ይለኝ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ "ልክ ነው" የሚል ሰው ያለ ይመስላል። ከዚያም ቅጹ ላይ ከራሴ ማኅተም ጎን መሳቢያው ውስጥ ትተኸው የሄድከውን ያንተን ማኅተም አደርግበታለሁ። በዚህ ሁሉ ወር እያንዳንዱ ቅጽ ላይ ስምህ አለ። ይህ ማጭበርበር መሆኑን አላውቅም አልልም። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ ያደረግኩት ድርጅቱን ላታልል አልነበረም። ቅጹ ላይ የሁለተኛውን ማኅተም ቦታ ባዶውን ሳየው እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የተሰነጠቀውን በበየድኩበት ዕለት አልማዙን አቃንቼ አስቀምጬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠርገው አንሥቼ ይዤው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ረቡዕ ነበር፣ ከምሳ በፊት። አንተ መሰልከኝ። ለምን እንደመሰልከኝ አላውቅም፤ ደውለህ አታውቅም። አልማዙን እንደነገሩ አስቀምጬ ሮጥኩ። የመቃብር ቦታ የሚሸጥ ሰው ነው። "ለጥንዶች የሚሆን፣ ባሕሩን የሚያይ ቦታ አለን" አለኝ። አዳመጥኩት፤ እስኪጨርስ አዳመጥኩት። ከዚያ ተመልሼ ጓንቴን ለውጬ ጠረጴዛው ጋ ቆምኩ። "ምልክቱ ወደ ታች?" አልኩ። ዓይኔ እንባ ቋጥሮ ስለነበር ምንም አላየሁም። አፌ ግን መልሱን ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት ሲሰማው ኖሯል። ባንተ ድምፅ "ወደ ታች፤ ልክ ነው" አልኩና ምድጃውን ዘጋሁት።

ከዚህ ደብዳቤ በፊት ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ሦስቱም ላይ "ለአንድ ቀን ብቻ ና" ብዬ ጽፌ ነበር። ና፣ ሐሙስ አጠገቤ ተቀመጥ፣ በዕለቱ እዚያ ነበርኩ በል፣ ሥሩን በትክክል አስቀምጠነዋል በል፤ ከዚያ ከፈለግህ በማታው ባቡር ተመለስ። የተቆረጠውንም ጣል አድርጌው ጠፋ እላለሁ። ብለምንህ እንቢ እንደማትለኝ አውቃለሁ፤ የፈራሁትም እሱን ነው። አንተ ስለ እኔ ስትዋሽ ኦኑኪ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ እጁን ሲያይ ታየኝ። ቀደድኩት።

ደግሞስ በየትኛው አፌ ነው ና የምልህ? የሄድክ ጊዜ ያልኩህን አልረሳሁትም። እጅህ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። "ሚዋኮ፣ በጊዜ እናቁም፤ አንድ ቀን አንድ ነገር እንሰብራለን" አልከኝ። እኔ ደግሞ "አንተ ብታቆም ምን ይጎድላል? ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ አንተ ቀኑን ሙሉ ልክ ነው ከማለት ሌላ ምን ትሠራለህ?" አልኩህ። አልተቆጣህም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ጎንበስ ብለህ ጫማህን፣ ያንን አዲሱን፣ አሰርክ።

ልክ ነው ማለት ሥራ ነበር፤ ኤይሱኬ። አንተ እያየህ ነበር የምትለው። አብረን በሠራንበት ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት መስኮት እንኳ ያልተመለሰችብን በእኔ እጅ ብቻ አልነበረም። ይህን ለማወቅ ኦኑኪ ሦስት ብርጭቆ ሻይ መጠጣት ነበረበት፤ ሲያሳፍር። ይቅር በለኝ። ይህን ቃል ፊትህ ብሆን አልለውም ነበር፤ ታውቀኛለህ፤ ዞሬ ሳህን ማጠብ እጀምር ነበር።

ሐሙስ ብቻዬን እሄዳለሁ። ጥቁሩን ልብሴን ተኩሻለሁ። የተቆረጠውን አልማዝ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ምልክቷን በጣቴ እጠቁማለሁ። ኦኑኪ ንጹሕ ነው፤ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ማኅተም ያደረግኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ያቺ ደብተር ያላት ሴት "ባለቤትዎስ?" ትለኛለች፤ የማይቀር ነው። ያን ጊዜ አፌን ሞልቼ "ትቶኝ ሄዷል" እላለሁ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ለማንም ብዬው አላውቅም። ለራሴም ቢሆን አሁን ሲጻፍ ማየቴ ነው። ከዚያ ስመለስ ለእማማ ናሜካታ በአጥሩ ላይ እነግራታለሁ። ለእሷ መንገር ከስብሰባው ይልቅ ያስፈራኛል፤ ታለቅስብኛለች።

ድርጅቱ ስልክ ይደውልልህ ይሆናል። የሚጠይቁህን እንደ እውነቱ መልስ፤ ስለ እኔ ብለህ አንዲት ቃል አትጨምር፣ አትቀንስ።

ደብዳቤውን በፈጣን ፖስታ ልልከው አስቤ ነበር። በፈጣኑ ነገ ይደርስሃል፤ አንተ ደግሞ ልብህ ቡቡ ነው፣ ካነበብከው ባቡር ላይ ትወጣለህ። ስለዚህ በተራው ነው የምልከው፤ ያውም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ። ይህን ስታነብ ተናግሬ ጨርሻለሁ።

ሥራውን ይወስዱብናል። ይገባቸዋልም። ምድጃው ይሸጣል፣ ጠረጴዛው ይነሣል፣ ቤቱ ቤት ብቻ ይሆናል። አንተን ለመጥራት የምጠቅሰው ትዕዛዝም፣ የሚደርስ ቀነ ገደብም፣ ሁለት ሰው የሚፈልግ ቅጽም አይኖረኝም። ከእንግዲህ ብትመጣ የምትመጣለት ሥራ የለም፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለእሱ የሚመጣ ሰው ካለ እንግዲህ አንተው ታውቃለህ።

ጉልበትህን አሙቅ። የወንድምህ ሚስት የምታቀርበው አትክልት ጨው ይበዛበታል፤ በውሃ አለቅልቀህ ብላ፣ እንዳታይህ ብቻ። እጅህን ብርድ አያግኘው፣ የረገጥክበት መሰላል አይክዳህ፣ የለቀምከው ፖም ይጣፍጥልህ።

ሚዋኮ